እየጠፉ የሚመለሱት ፎቶዎች

በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አሳማሪዋ» ነው የሚሏት። ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የሰውን ብጉር ታጠፋለች፣ የሙሽራ ጥርስ ታነጣለች፣ ጸጉር ለሸሸው ግንባር ጸጉር ትመልሳለች። ሥራዋን ታውቅበታለች። የታናሽ ወንድሟን ፎቶ ግን ነክታው አታውቅም። በታመመ ጊዜ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ያነሳችውን ሁሉ እዚያው የሥራ ኮምፒውተሯ ላይ እንዳለ ነው ያስቀመጠችው። «አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን መልክ ምን ልታደርጊበት ነው?» ይላት ነበር እየሳቀ። ሲስቅም ታነሳዋለች።

ከሞተ በኋላ እናትየው ፎቶዎቹን ቤት ሆኜ ልያቸው አለች። የልጁ ኮምፒውተር እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። አሳማሪዋም ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደች። ሰውዬው ወሬ ካገኘ ሥራውን ይረሳል እንጂ በሙያው አይታማም።

«ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለ» አላት። «አንዱ ኮፒ ብቻ ነው የሚያደርገው። ከዚህ ወስዶ እዚያ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲያ አያገባውም። ሌላው ሲንክ ያደርጋል። ሁለቱን ኮምፒውተር አንድ አደረጋቸው ማለት ነው፤ እዚህ የጨመርሽው እዚያ ይጨመራል፣ እዚያ የጠፋው እዚህም ይጠፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይኼኛው ግን ይለቃል! እኔን ከሰማሽኝ ኮፒውን ውሰጂ።»

«አይ፣ አንድ የሚያደርገውን ጫንልኝ» አለች። «ሦስት ነበርን፣ ሁለት ቀረን። ፎቶው ደግሞ እዚህና እዚያ ተለያይቶ ይቅር?»

እንዳለችው ጫነላት። ብቻ ለክፉም ለደጉም ብሎ ሁሉንም በትንሽ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ሰጣት።

ጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎልደሩን ብትከፍት አንድ ፎቶ የለም፤ ትራስ ተደግፎ ውኃ የሚጠጣበት። ተሳስቼ ይሆናል አለችና ከሃርድ ዲስኩ አውጥታ መለሰችው። በማግስቱ ሌላ ጠፋ። መለሰች። ደግሞ ሌላ። የሚጠፋው ሁሉ የበሽታው ጊዜ ነው። በጤናው ኳስ ሲጫወት፣ ተመርቆ፣ ጓደኞቹን አቅፎ የተነሳውን የሚነካ የለም። ይኼን ያስተዋለች ቀን ክው ብላ ቀረች።

ለጠጋኙ ነገረችው። «ቤት ማን ይነካዋል?» አለ።

«እናቴ ናት። እሷ ደግሞ ማብራትና ቀስቷን እየተጫኑ ማየት እንጂ ሌላ አታውቅም። የሬዲዮዋን ጣቢያ እንኳ የምቀይርላት እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ እኔ የምጠግነው ኮምፒውተር ነው፣ መንፈስ አልጠግንም» አላት።

እሱ ለቀልድ ነው ያለው፤ ምን አለ አፉን ቢይዝ! ያቺ ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እሱ ነው፣ አለች። ያንን መልኩን ጠልቶት ነበር፣ አሁን መጥቶ እየወሰደው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ስትገባ በክፍሉ በር በኩል ማለፍ ፈራች። ሃርድ ዲስኩን በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፣ ያም እንዳይወሰድባት። ጠዋት ጠዋት የጎደለውን ትመልስና ስክሪኑን «ተው እንጂ! አንተ ታጠፋለህ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እናያለን!» ትለዋለች። ፎቶ ሊነሳ ተራ የያዘ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። እሷ ግን ምን ገዷት፤ የወንድሟ ፊት ከዓለም ሊጠፋባት ነው።

እናትየውም ደህና አልነበረችም። ምግብ ቀነሰች፣ ለቅሶ እንኳ መድረስ ተወች። ከቤት ውጪ ስትባል «አይ፣ ዛሬ አይመቸኝም» ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ፎቶ ቤቱ ቀደም ብሎ ተዘጋና አሳማሪዋ በቀን ቤቷ ገባች። በእነሱ ሰፈር መብራት አለ። የወንድሟ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል።

«ዛሬም መጣህ? ኧረ አንተ ልጅ፣ እኔስ አልቻልኩህም!»

ቆሌዋ ተገፎ በሩን ገፋችው። እናቷ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ ያለው አሳማሪዋ ጠዋት የመለሰችው ፎቶ ነው።

«ነይ ልጄ፣ አትደንግጪ» አለች እናትየው። «ሊሞት ሰሞን ቃል አስገብቶኝ ነበር። ‹እማዬ፣ ታምሜ የተነሳሁትን አጥፊልኝ፤ እሷ እሺ አትለኝም› አለና ይችን ቁልፍ አሳየኝ። ፎቶዎቹን ቤት ሆኜ ልያቸው ያልኩሽም ለዚህ ነው። በቀን አንድ ነው የማጠፋው፤ ከዚያ በላይ እጄ እሺ አይለኝም። ግን አጥፍቼው በማግስቱ ይመጣል። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ተቀየመኝ ብዬ አለቀስኩ። በኋላ ነው የገባኝ። መሄድ አልፈለገም ልጄ። አሁን የማጠፋው ነገ እንዲመጣልኝ ነው።»

አሳማሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ብትል ማን ይወቅሳታል? ግን እናቷን አየቻት፤ ያ የክት ልብስ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል። ልጄ መጥቶ ቢያጣኝስ እያለች ከዚህ ወንበር ሳትነሳ ልታልቅ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ከሥራ ቦታ የምመልሰው እኔ ነኝ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች የተያያዙ ናቸው። እኔ ደግሞ... እኔ እሱ የሚያጠፋው መስሎኝ ነበር።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የዛሬውንም?»

«የዛሬውንም እማዬ።»

እናትየው እጇን ከቁልፉ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፎቶውን አየችው፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ ልጇን።

«ታዲያ እሱ የት ነው ያለው?» አለች።