ኪውን የበላችው ልጅ

ፍየል ወረቀት ስትበላ አይቻለሁ፤ ሰው ሲበላ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሰፋሪው በካሚዮን እየተጫነ ወደ ኢሉባቦር ይመጣ በነበረበት ዓመት፣ መቱ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ሠራተኛ ሆኜ ይህንንም አየሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ኡካ ከምትባል የገጠር ከተማ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፊቷ ዘርግታ አንድ ቅጠል ቀስ አድርጋ ገነጠለች፣ አጣጠፈችው፣ አፏ ውስጥ ከታ ታኝክ ጀመር።

«በስመ አብ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። «አንቺ! ምን ነክቶሻል? ትፊው!»

ዓይን ዓይኔን እያየች ዋጠችው።

መጽሐፉን ነጥቄ ባገላብጠው ኪው የሚባለው ፊደል ከነዘር ማንዘሩ የለም። ከፒ ቀጥታ አር ይላል። «የቀሩት ቅጠሎችስ የት ሄዱ?» ብላት ሆዷን አሳየችኝ። አምና የተፈተኑ ተማሪዎች ናቸው አሉ የመከሯት፤ የሸመደዱትን ገጽ ካልዋጡት ከጭንቅላት በኖ ይጠፋል ብለዋት።

«ለምን ኪውን?»

«ትንሽ ናት፣ እትዬ። ማን ይፈልጋታል ብዬ ነው።»

ማን ይፈልጋታል! ደሜ ፈላ። ለዚያ ሁሉ ተማሪ ያለን ትልቅ መዝገበ ቃላት ያ አንድ ብቻ ነበር። ግን ደግሞ ልጅቷ ለምን እንደዚህ እንደምትሆን አውቅ ነበር። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ማትሪክ የምትፈተነው አንዴ ብቻ ነው። ካለፈች ትማራለች፤ ካላለፈች ኡካ ላይ ባል ተዘጋጅቶላታል፣ ሽማግሌውም ጨርሷል።

ነገሩን እንዳልሸፍነው በዚያው ሳምንት ከክፍለ ሀገሩ የንብረት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሏል። ልጅቷን ይዤ ሄጄ ለዲሬክተሩ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ። መጽሐፉን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ እኮ አሻጥር ነው!» አለ።

አበስኩ ገበርኩ! አሻጥር ያኔ ሰው የሚያስበላ ቃል ነበር። የልጅ ቂልነት እንዲህ ያለ ስም ይወጣለታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። «ልጅቷ ዛሬውኑ ትባረር» ሲል ግን ድንጋጤዬ ወደ ንዴት ዞረ።

«ማትሪክ ሊደርስ? ያጎደለችውን ትተካ እንጂ፣ ጓድ ዲሬክተር!»

«ከየት አምጥታ? ከሆዷ?»

«አዎ፣ ከሆዷ!» አልኩት። የተናደደ ሰው የማይለው የለ።

ልጅቷ ግን እውነት መሰላት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በእንግሊዝኛ ታወርደው ጀመር፤ ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ምሳሌውን። ዲሬክተሩ ከመሳቢያው ትንሽ መዝገበ ቃላት አውጥቶ ተከታተለ። አንድም አልሳተችም። 

ታይፕ አቀረብኩና ተቀመጥኩ። እሷ ትላለች፣ እኔ እመታለሁ። ኳክ ማለት ሐኪም ሳይሆን ሐኪም ነኝ የሚል አታላይ ነው። ኳፍ መጠጥን ግጥም አድርጎ መጋት። ኳልም ደግሞ የምሠራው ልክ ነው ወይ እያሉ ሆድን የሚቆርጥ ጥርጣሬ ነው፤ ዲሬክተሩ ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠረገና ወጣ።

«ኴል፦ ያመፀን ሕዝብ በኃይል ዝም ማሰኘት።»

ጣቴ ታይፑ ላይ ቀረ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ግቢው ውስጥ ሰው አለ።

«ይቺን ዝለያት» አልኳት።

«ያ ዋቃ!» አለች ፈጣሪን በኦሮምኛ ጠርታ። «እትዬ፣ አንዷን ከዘለልኩ የሚቀጥለው አይመጣልኝም።»

ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁና መታሁት። ቀጥላ ኲድነንክ አለች፤ ማን ምን አለ፣ ምን ተወራ እያለ የሚዞር ሰው ማለት ነው። ወይ ጉድ! ፈረንጅ ለዚህም ስም አለው? እኛ ሰፈር እንዲህ ያለው ሰው ሲመጣ ስም አንጠራም፣ ወሬ ነው የምንለውጠው። ኲስሊንግ ላይ ስንደርስ፣ ለጠላት አድሮ የገዛ ወገኑን የሚገዛ ከሃዲ ማለት ነው ስትለኝ፣ ተነሥቼ በሩንም ዘጋሁ። አራት መስመር የማትሞላ የምትመስል ፊደል ይህን ሁሉ ጉድ ተሸክማለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጨርሰን ወረቀቱን በሙጫ ቦታው ላይ ለጠፍነው። ዲሬክተሩም ማባረሩን ተወው። ልጅቷ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ አንጀቴን በላችው።

ተቆጣጣሪው መጣ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። መጽሐፉን ሲከፍት የለጠፍነው ላይ አረፈ። እያነበበ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ። አለቀልን አልኩ በልቤ። ማን እንዳጻፈው ብንነግረው ልጅቷን አስጠርቶ ከመጽሐፉ ከዚህም ከዚያም ቃል እየመረጠ ጠየቃት፤ ለጠየቃት ሁሉ እንደ ቴፕ መለሰች። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ።

«እንዲህ ያለች ልጅ ደብቃችሁ ነው? ፈረንጆች የሰፈራ ጣቢያውን ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ እኛ አስተርጓሚ አጥተን እንባዝናለን! ነገ መኪና ይመጣላታል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ልጅቷ ሸመደደች እንጂ እንግሊዝኛ መቼ አውርታ ታውቃለች?

«ማትሪኩስ?» አልኩት።

«ይቆይላታል።»

«ማትሪክ ወጥ ነው እንዴ የሚቆየው? በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን የሚሰጥ ፈተና ለማን ይቆያል?»

«ጓድ፣ የአብዮቱን ጥሪ ትቃወሚያለሽ?» አለኝ፣ አሁንም እየሳቀ።

ዲሬክተሩን አየሁት፣ እሱ ጣራውን ያያል።   በማግስቱ በላንድሮቨር ወሰዷት። ፈተናው ደረሰ፣ ተሰጠ፣ ወረቀቱ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ወንበሯ ባዶውን ቀረ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ጠዋት ላይብረሪውን ስከፍት ልጅቷ እየሮጠች መጣች። ቡና በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥላ ነው የመጣችው፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት፣ እስክሪብቶና ላጲስ በእጇ ይዛለች።

«እትዬ፣ የትኛው ክፍል ነው የምቀመጠው?»

«ልጄ» አልኳት፣ «ትናንት አለቀ።»

«ያቆዩልኛል ብለውኛል እኮ።»

አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እጇን ይዤ ወደ ዲሬክተሩ ልወስዳት ስንወጣ አባቷ በቅሎ ስበው በግቢው በር ገቡ። ፈተናው ትናንት ያልቃል ሲባል ሰምተው ዕቃዋን ሊጭኑላት ከኡካ መምጣታቸው ነው። የሆነውን አንዱንም አልሰሙም። በኦሮምኛ ፈተናው እንዴት እንደነበር ጠየቋት።

እስክሪብቶዋን ነጠላዋ ሥር ሸሸገች። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ አባቷን ቀና ብላ አይታ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ቀላል ነበር፣ አባ። ውጤቱ ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚመጣው» አለቻቸው።

አፌን በእጄ ያዝኩ። አባቷ ፈገግ አሉና፣ «እንግዲያ ሠርጉም እስከዚያ ይቆያል» ብለው በቅሎዋን ልጅቷ ወደ ተከራየችው ቤት አዞሩ።