ከአራት ሰው ገደ ቢስ ሲመረጥ

ጣናን የሚያህል ባሕር ደጁ ተዘርግቶለት ባዶ እጁን የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ ምን ዓይነት ፊት ይዞ ቤቱ መግባት እንዳለበት የነገረኝ ሰው የለም። ገበሬ ቢሆን ዝናብ ቀረበት ይባላል። ነጋዴ ቢሆን ገበያው ሞተበት ይባላል። ዓሣ አጥማጅ ግን ውኃው እዚያው ስላለ ማመካኛ የለውም፤ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ገደ ቢስ ነው ይባላል። እኔ ያን ዓመት ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባዶዬን ገባሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት ለኔ የተተረተ መሰለኝ፤ ቤቴም ዓባይ ማዶ ነው።

ሚስቴ መጀመሪያ ሰሞን አዘነችልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ዝም አለች። በአራተኛው ሳምንት ሽሮውን አቅርባልኝ ዓሦቹ ደኅና ሰንብተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደኅና ናቸው አልኋት፤ ምን ልበል?

ጀልባችን ላይ አራት ነበርን። አንደኛው የሞተሩ ባለቤት ነው፤ ድሮ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ሥራውን ለቅቆ ሞተር ገዛ። ሞተሩን ከገዛ ወዲህ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሁለተኛው ዲያቆኑ ነው፤ ከገዳም ትምህርቱን ሳይጨርስ ዜማውን ትቶ ክርክሩን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አራተኛው ሽማግሌው ናቸው፤ ታንኳ መቅዘፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሆነው ለበዓል ይደውላሉ። ቀሪ ዘመዳቸው ባሕሩ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው ጀልባ ላይ የሚቀመጠው በጉልበቱ አይደለም፣ በቆየ ወዳጅነት ነው፤ ከኛ ጀልባ ከወረዱ ሌላ ማንም ወደ ባሕር እንደማያወጣቸው እሳቸውም እኛም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ ዓሣው ጠፋ። መረቡን ስንስብ የሚወጣው የዘይት ጀሪካን ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ሙሽሮች ዳር ላይ ፎቶ ሲነሡ የጣሉት የላስቲክ አበባ ወጣ፣ ከነሪባኑ። ወደቡ ላይ ዓሣ የሚያርዱት ሴቶች ቢላዋቸውን አስቀምጠው ይጠብቁናል፤ ስንደርስ ታዲያ ዛሬስ ውኃው እንዴት ዋለ ብለው ይጠይቁናል። መልስ አይጠብቁም፣ ይሳሳቃሉ።

ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነልን። የሞተሩ ባለቤት ዓይን በልቶን ነው ብሎ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ዲያቆኑ በበለጠ ተጨነቀ፤ በዓል ሽረን ነው አለ። ቁጭ ብሎ የወሩን በዓላት ሲቆጥርልን፣ በሱ ቁጥር ዓሣ ማጥመድ የተፈቀደው በወር ሁለት ቀን ሆኖ ተገኘ፤ በሁለቱም ቀን ማዕበል ነበር። ጠበል አምጥቶ መረቡን ረጨው። በማግሥቱ አንድ ትልቅ አምባዛ ገባልን፤ መረቡን ለሁለት ቀድዶት ሄደ። ደግሞ አንድ ቀን ከቢሮ ባለሙያ መጣና በላስቲክ ወንበር አስቀምጦ ዓሣው ለምን እንደጠፋ እኛኑ ጠየቀን። ያልነውን በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ መልሶ አነበበልን። አጨበጨብን።

ያንን ወረቀት ሳያዩ ነገሩን የተናገሩት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። ባሕሩን የወረረው አረም፣ እምቦጩ፣ ነፋስ ገፍቶት ደንገሉ ጥግ ተከምሮ ነበር፤ ዓሣው ሁሉ ከሥሩ ገብቷል፣ መረቡን እዚያ አፉ ላይ እንጣለው ይላሉ። ዓሣም እንደ ሰው ሲከፋው ጥግ ይፈልጋል ይላሉ። ይህንን ባሉ ቁጥር የሞተሩ ባለቤት ሞተሩን ያያል፣ ዲያቆኑ ሰማዩን ያያል፣ እኔ እግሬን አያለሁ። እምቦጩ ሞተሩን ይጠመጥመዋል፣ እሱ ነው ምክንያቱ። ሞተሩ እንዳይነካ አራት ሰው ይራብ የሚል ግን አልነበረም፤ ሽማግሌው አርጅተዋል ነው የተባለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ያ የተረገመ ሐሳብ የመጣው ከኔ አፍ ነው። ወደቡ ዳር ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ ከአራታችን አንዱ ገደ ቢስ መሆኑ ካልቀረ ለምን በየተራ እየቀረን አንፈትነውም አልሁ። ቀልዴን ነበር። ቀልድ መሆኑን ማንም ሳይጠይቀኝ ዲያቆኑ ከብሉይ ኪዳን ማስረጃ አመጣለት፤ ዕጣ ወጥቶበት ባሕር የተወረወረ ነቢይ አለ አይደለም? የሞተሩ ባለቤትም በጣም ወደደው። እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ቀን የብስ ላይ እንድንቀር፣ እሱ በሌለበት ዓሣ የተያዘበት ሰው ገደ ቢስ ተብሎ ከጀልባው እንዲወርድ ተስማማን። ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀምጠው፣ ደግ፣ እንዳላችሁ አሉ።

የመጀመሪያው ተራ የሞተሩ ባለቤት እንዲሆን ሐሳብ አቀረብሁ። እሱ ከቀረ ሞተሩ ይቀራል፣ ሞተሩ ከቀረ ጀልባው ይቀራል፣ እንግዲህ ፈተናው በምን ይሠራል አለን። እውነቱን ነው፤ ሞተር ያለው ሰው ገደ ቢስ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ዲያቆኑ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ሳብን። ዲያቆኑ ነጻ ወጣና በወደቡ ላይ እንደ አዲስ ሙሽራ ይንጎራደድ ጀመር፤ ባዶ መረብ እንደዚያ ያስደሰተው ሰው አላየሁም።

ቀጥሎ የሽማግሌው ተራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ወደቡ ላይ ይጠብቁናል። በመጀመሪያው ቀን ባዶ መጣን። በሁለተኛውም ባዶ። ጀልባው ውስጥ አየት አደረጉና ፊታቸውን አዞሩ፤ ደስታቸውን ሊደብቁ ነው። አንድ ቀን ቀራቸው። እኔ ግን በልቤ ሒሳቡን ሠርቼ ነበር፤ የሞተሩ ባለቤት አይነካም፣ ዲያቆኑ ነጻ ወጥቷል፣ ሽማግሌውም ነጻ ከወጡ የቀረው ማን ነው? ያቺን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ፣ እግዜር ያያል። ራሴን ግን ትንሽ አብልጬ እወዳለሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቤንዚን ጠፋ። የሞተሩ ባለቤት ጀሪካኑን ይዞ ወረፋ ሊይዝ ሄደ፤ ከጥበቃው ጋር እንዲከራከርለት ዲያቆኑንም ወሰደው። አንተ በታንኳ ወጣ በልና ለሕጉ ያህል ጣለው፣ ነገ የሚወጣው ለሦስተኛው ቀን ይቆጠራል ብለውኝ ሄዱ። በስምንት ሰዓት መረቡን ጭኜ ብቻዬን ወጣሁ። ወደ ወትሮው ቦታ መቅዘፍ ጀምሬ ነበር። ከዚያ እጄ ዞረ። እጄ ነው የምለው ለራሴ እንዲቀለኝ ነው። ሄጄ ደንገሉ ጥግ፣ እምቦጩ አፍ ላይ፣ ልክ ሽማግሌው ባሉት ቦታ ጣልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ስስበው መረቡ አልነሣ አለኝ። ግንድ የያዘው መስሎኝ ረገምሁ። ዓሣ ነበር። ቀረሶው ጎን ለጎን ተሰክቶ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ነው ታንኳዋ ሳትሰጥም ያወጣሁት። ብቻዬን ሳቅሁ፣ እልል ማለትም አማረኝ። ወዲያው ደግሞ መረቡ ላይ የተጠማጠመውን እምቦጭ አየሁት። እሱን ይዤ ወደቡ ብደርስ የት እንደጣልሁ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ተቀምጬ አንድ በአንድ ለቀምሁት። ሚስቴ ጎመን ስትቀነጥስ እንደዚያ አትጠነቀቅም።

ወደቡ ላይ ጉድ ተባለ። ሴቶቹ ቢላዋቸውን አነሡ። ሁለቱ ጓደኞቼ ወረፋ ላይ አድረው እኩለ ቀን ላይ ቤንዚን ሳያገኙ መጥተው ዓሣውን ሲያዩ ተቃቀፉ፤ የሞተሩ ባለቤት ፍርዱን እዚያው ሰጠ። አላልሁም? አለ፤ ምንም አላለም ነበር። ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ቀን ባሕሩ ላይ ሽማግሌው ብቻ አይደሉም ያልነበሩት። የሞተሩም ባለቤት አልነበረም፣ ዲያቆኑም አልነበረም። እንደ ሕጋችን ከሆነ ሦስቱም ገደ ቢስ ናቸው። ግን ተራው የሽማግሌው ነበር። ይህንን ለመናገር አፌን ከፈትሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ የት ጣልኸው እንደሚሆን ታየኝና መልሼ ዘጋሁት።

ጥያቄው ግን አልቀረም። ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡ፣ አንዱን ቀረሶ አንሥተው አገላበጡት።

«የት ጣልኸው?» አሉኝ።

«እዚያው ነዋ ጋሼ፣ የወትሮው ቦታ።»

«እዚያው?»

«እዚያው።»

ይሰድቡኛል፣ ውሸታም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሉኝ ኖሮ ጥፋቴን አምን ነበር ብዬ ዛሬ ድረስ ራሴን አታልላለሁ። እሳቸው ግን አመኑኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው፣ ለምን አያምኑኝ?

«ይህን ያህል ጊዜ ያስራብኋችሁ እኔ ነኝ በለኛ» አሉ።

ዕድል ነው ጋሼ አልሁ። ዕድልማ ነው ብለው ዓሣውን መሬት ላይ አኖሩት። የሞተሩ ባለቤት ደግነት ተሰምቶት ሁለት ቀረሶ አንጠልጥሎ ሰጣቸው፤ እጃቸውን ሰብስበው፣ ተው፣ ገዴ እንዳይነካባችሁ አሉና ሄዱ። እሳቸውን አሰናብተን ያን ቀን ዓሣ ጠግበን በላን። ሚስቴ ለጎረቤት ሳይቀር ጠበሰች፣ እኔንም ጎበዝ አለችኝ።

በሳምንቱ መረቡ ተመልሶ ባዶ ሆነ። ዲያቆኑ የሽማግሌው ጥላ ገና አልለቀቀንም አለ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም የሚያውቅ ይመስል ነበር። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ ከነሱ ጋር አልተከራከርሁም። እነሱ ሳያዩ አልፎ አልፎ በታንኳ ደንገሉ ጥግ እየሄድሁ ለቤቴ የሚሆን አጠምዳለሁ። ሽማግሌውን ያህል ባሕር የሚያውቅ ሰው እንደሌለ በየጊዜው አረጋግጣለሁ ማለት ነው።

በኛ ዘንድ ጠዋት ወደ ባሕር ሲወጡ መጀመሪያ የተገናኙት ሰው ቀኑን ይወስነዋል። ገዱ ጥሩ ከሆነ ሰው ጋር የተገናኘ ይቀናዋል፤ ከገደ ቢስ ጋር የተገናኘ ወደ ቤቱ ተመልሶ ቢተኛ ይሻለዋል። የሽማግሌው ቤት ወደ ወደቡ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በራቸው ተዘግቶ አየው ጀመር። ታመው ይሆን ብዬ ጎረቤታቸውን ጠየቅሁ። አልታመሙም፤ ዓሣ አጥማጆች በሚያልፉበት ሰዓት ከቤት አይወጡም፣ የሰው እንጀራ አላበላሽም ይላሉ አለችኝ። ጠርቶ የከለከላቸው ሰው የለም። ራሳቸው ናቸው በራሳቸው ላይ የፈረዱት፣ በኔ ምስክርነት።

ልነግራቸው ቆረጥሁ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት መረቤን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስወርድ፣ እንደ አጋጣሚ አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። እግሬን ሲሰሙ ቶሎ ብለው ዞሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አድርገው፣ ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ሳቡት። እኔን የቀዘፋ ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ ሰውዬ እንደ ጥፋተኛ ልጅ አጥር ዳር ቆሙልኝ።

ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ አልሁ።

ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አወዛወዙልኝ።

«ስትመለስ ትነግረኛለህ። እለፍ ልጄ፣ አላየሁህም። ይቅናህ።»

አለፍሁ። ስመለስም በሌላ መንገድ ተመለስሁ።