በቃኝ የሚል እሳት

ልጄ መሐል ሜዳ ከተማ ስትወልድ ላርሳት ከዘመሮ መጣሁ። ባሏ አስተማሪ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እኔን ያስፈራኝ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ነው። እሳት ቢሆን ይታያል፣ ከየት እንደሚመጣብህ ታውቃለህ። ይሄ ግን ነበልባል የለው፣ ጭስ የለው፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ሩቅ ዝናብ ያጉረመርማል። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ ልጄ ከጨቅላዋ ጋር ብቻዋን ከዚህ ነገር ጋር ልትቀር ነው። የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ብርድ ብርድ አላትና ሻይ አማራት። ከሰሉ ርሶ አልያያዝ አለኝ። በስመ አብ ብዬ ማንቆርቆሪያውን እስከ አፉ ሞላሁና ልጄ ስታደርግ እንዳየሁት ማብሪያውን ተጫንኩ። በእኛ ቤት ውሃ የሚጣደው ለቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ ሳይጠራ የሚመጣም ድርሻ አለው። ብዙም ሳይቆይ ክዳኑን እየገፋ ገነፈለ። ውሃው ወደ ሶኬቱ ሲወርድ ጭሽ አለና የቤቱ መብራት ድርግም። ሕፃኑን አፈፍ አድርጌ ወደ በሩ።

«እማዬ፣ በዚህ ብርድ ልጄን ወዴት?»

«ከእሳቱ ላወጣው ነዋ።»

«ምን እሳት አለ? ውሃ ነው የፈሰሰው።»

«ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው መብራት የሚያጠፋ?»

ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ባሏ መጥቶ መብራቱን ከመለሰ በኋላ፣ ማንቆርቆሪያውን ወደ ብርሃን አዙራ ጎኑ ላይ ያሉትን መስመሮች አሳየችኝ። የታችኛው ሁለት ብርጭቆ ተኩል ነው፤ ከዚያ ካነሰ ደርቆ ይቃጠላል። የላይኛው ስምንት ብርጭቆ ያህል ነው። «ውሃ ሲፈላ ይዘላል፤ መዝለያ ተዪለት» አለችኝ።

«ዘጠነኛ ሰው ቢመጣስ?»

«እንደገና ይጣዳላ።»

«እንግዳ አስቀምጦ ውሃ መጣድ ምን ይባላል?»

ማንቆርቆሪያውን ወደ ቦታው መለሰችው። እሷም የመንዝ ልጅ ናት፤ እንግዳ ማስጠበቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች።

በማግስቱ እስከ ታችኛው መስመር ለክቼ ለሁለታችን አፈላሁ። ጠጥተን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ቄስ ባለቤት አራስ ሊጠይቁ መጡ። ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው። አፍሬ፣ እስከ መስመሩ ውሃ ጨመርኩና ማብሪያውን ተጫንኩ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት።»

«ማርያም ታኑርልን።»

«እንደምን ሰነበታችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ?»

«ይመስገነው። አዝመራው እንዴት ነው? በጎቹስ?»

ገና በጎቹ ላይ ነበርን፤ ወደ ልጅ ልጆቻቸው አልተሻገርንም። ከኋላዬ ጠቅ አለ። ማጉረምረሙ ቆመ፤ የነካው ሰው የለም።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«የእርስዎ ውሃ ነው። ፈላ።»

«ኧረ ገና መች ተቀመጥኩና?»

ሻዩን ሰጥቻቸው ማንቆርቆሪያውን ቆሜ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ምድጃ ዳር የቆምኩት ይሄ እንዳይገነፍል፣ ያ እንዳያር ስጠብቅ ነው። እሳትና መቃብር በቃኝ አይሉም ሲባል ነው በቤተ ክርስቲያን የሰማሁት። ይሄኛው በቃኝ ይላል። ልኩን ከሰጡት እንግዳውንም አያሳፍር፣ ጠባቂም አይሻ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እንግዳዋ ሲሸኙ ለልጄ፣ ክርስትናው እንዳለፈ ወደ ዘመሮ እመለሳለሁ አልኳት።

«ከእሱ ጋር ጥለሽኝ?» አለች፣ በአገጯ ወደ ጠረጴዛው እያሳየችኝ።

«እስከ መስመሩ ብቻ ሙዪው» አልኳት።