«ሁለቱም ይወርውሩ» ያሉት አያ ደሳለኝ

አያ ደሳለኝ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ፀዳ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ልባቸው ከታመመ ቆይቶ ነበር። ቀብራቸው ላይ ላልደረሳችሁ፣ በተለይም በኮሶዬና በድብ ባሕር መንገድ ለምታውቋቸው ገበሬዎች፣ ይህን የምጽፈው የወንድማቸው ልጅ ትርንጎ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። በቀብሩ ቀን መናገር ያቃተኝን እዚህ ልበለው።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በከብት አዳቃይነታቸው ነው። የኮርማ ዘር የሚቀመጥበትን የብረት ዕቃ ከሞተር ብስክሌታቸው ኋላ አስረው በጭቃም በአቧራም ይመጡ ነበር። ላሟን ከመንካታቸው በፊት ግንባሯን ይዳብሳሉ። የተቸገረ ሰው ቤት ሲደርሱ «ምሳ በልቼ ነው የመጣሁ» ይላሉ፤ ማታ ቤት ሲገቡ ግን ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሱ ያስታውቁ ነበር።

እኔን ወደ ፀዳ ያመጡኝ ትዳሬ በፈረሰ ጊዜ ነው። ድብ ባሕር ሦስት ዓመት ተቀምጬ ስላልወለድኩ ባሌ ወደ አባቴ ቤት መለሰኝ። «መካን ናት» ተባልኩ። እኔም አመንኩ። አባቴ ልጆቹን ላደረሰ አንድ አዛውንት ሊሰጠኝ ሲያስብ አያ ደሳለኝ «እስኪ ትንሽ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» ብለው ወሰዱኝ።

ጉልበታቸው ታሞ ሥራ ካቆሙ በኋላ እሑድ ከሰዓት የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስበው አንድ ጨዋታ ይመሩ ነበር። ጨዋታውን ያስተማራቸው ሙሉጌታ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ፈጥሮ እሱን ሆኖ ይናገራል፤ ያሰበው ይሳካ አይሳካ ቁጥር ባለበት ተወርዋሪ ጠጠር፣ በዳይስ ይወሰናል። አያ ደሳለኝ የጨዋታውን ዓለምና ሕጉን በራሳቸው ደብተር ጽፈውታል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ያለች ጎንደር ናት። ዝናቡ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ሰማዩን የማስታወቂያ መብራት ሸፍኖታል፤ ሰው ዓይኑንና እጁን በማሽን ይለውጣል። አዘዞ ላይ ደግሞ ወንድ ገብቶ ሴት ሆኖ፣ ሴት ገብታ ወንድ ሆና የሚወጡበት ትልቅ ፋብሪካ አለ።

የንስሐ አባታቸው ይህን ሰምተው መጡ። «ደሳለኝ፣ ምነው በስተርጅና? ፈጣሪ የሠራውን ልታፈርስ ነው?» አሏቸው።

«አባ፣ ወረቀት ላይ እኮ ነው። ወረቀት ላይ ያረስኩት ማሳ እስከ ዛሬ አንድ ቁና ጤፍ አልሰጠኝም።»

አባ ሳቁ፤ ሻያቸውን ግን ሳይጨርሱ ሄዱ።

እኔ ዳር ሆኜ አያለሁ እንጂ አልጫወትም ነበር። አንድ እሑድ ሰው ጎደለ። «ነይ ትርንጎ፣ አንቺም ሰው ሁኚ» አሉኝ።

«ምን ልሁን?»

«ያልሆንሽውን።»

ወንድ ልሁን አልኩ። ሴት ሆኖ ተወልዶ በአዘዞው ፋብሪካ ወንድ የሆነ፣ ግርማ የሚባል ዘበኛ ሆንኩ። የሚገርመው፣ ግርማ ስሆን ድምፄ ይወጣ ነበር። ሙሉጌታ በዚያው ፋብሪካ ሴት የሆነች ዘፋኝ ነበር፤ በጨዋታው ተጋባን። ልጅ ፈለግን። በደብተሩ ሕግ ለመውለድ ዳይስ የምትወረውረው ሚስት ናት። ሙሉጌታ ሦስት ጊዜ ወረወረ፤ ሦስት ጊዜም አልሆነም።

«እንግዲያ ወደ አባቷ ቤት እመልሳታለሁ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሙሉጌታ ነጠላ እንደሚያስተካክል ሆኖ «ምነው አያ ግርማ! የሠርጌ እንሶስላ ሳይለቅ?» አለ።

አያ ደሳለኝ ግን አልሳቁም። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «አንተስ ግርማ፣ ተመረመርህ?»

ወንድ እንደሚመረመር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እሳቸውም ደብተሩን ሳቡና ሚስት ትወርውር የምትለውን መስመር ሰረዙ። «ስሕተቱ የኔ ነው» አሉ። «ስንት ዘመን ኮርማ ስመረምር ኖሬ ሰው ላይ ስደርስ ረሳሁት። ኮሶዬ ላይ አንድ ሰው ሦስት ላሞቹን መሲና ናቸው፣ አይወልዱም ብሎ ሸጠ። ዘር ያልነበረው ኮርማው ነው። ኮርማው እዚያው ይቀለብ ነበር።» ከተሰረዘው በላይ «ሁለቱም ይወርውሩ» ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ከብዙ ምርመራ በኋላ እንከን አልተገኘብኝም። ውጤቱን ካፖርታቸው ኪስ ከተው፣ በዚያ በታመመ ልባቸው፣ ድብ ባሕር አባቴ ቤት ድረስ በሚኒባስ ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ። የቀረበልንን ምሳ በላን። ከዚያ ወረቀቱን አባቴ ፊት ዘረጉት።

አባቴ አየውና «ታዲያ ምን ይሁን? ሰውየው እንደሆነ ሌላ አግብቷል» አለ።

«ምንም አይሁን። ስሟን መልስላት።»

አባቴ ከዚያ ወዲህ የአዛውንቱን ነገር አላነሳም።

ረቡዕ ለት ከቀብር መልስ ባሌ የነበረው ሰው ለቅሶ ቤት መጣ። አያ ደሳለኝ ለላሞቹ ይደርሱለት ነበር። ውኃ ይዤ ሳልፍ ጠራኝ።

«ትርንጎ፣ የአሁኗ ሚስቴም አልያዘላትም። ዘመዶቼ መልሳት እያሉኝ ነው።»

«አንተስ ተመረመርህ?» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰዎች ዞሩ።

መሬት መሬት እያየ «የት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ሁለታችሁም ሂዱ» አልኩት። ይሂድ አይሂድ አላውቅም።

አያ፣ ደብተርዎ እኔ ዘንድ ነው። እሑድ ጨዋታውን እንድመራ ሙሉጌታ ጠይቆኝ እሺ ብያለሁ። ገጾቹ እያለቁ ስለሆነ በአዲስ ደብተር ልገለብጣቸው ነው፤ ያቺን የውርወራ ሕግ ያለባትን ገጽ ግን ቀድጄ እንዳለች አጣብቃታለሁ። የሰረዙትም ያረሙትም በእጅዎ ጽሑፍ ይታይ። እኔን መካን ብሎ የሚጠራ የለም። ይረፉ፣ አያ።