ቅርጫት ሰሪው ቲኒያስ አቴንስን የመራበት ቀን

ቅርጫት ሰሪው ቲኒያስ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ አቴንስን መራ። የመራው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። እስከዚያች ቀን ድረስ በኮሊቶስ ሰፈር የሚታወቀው የወይን መልቀሚያ ቅርጫቶቹ እጀታቸው ስለማይነቀልና እሱም ሰው ፊት ብዙ ስለማይናገር ነበር።

ምክር ቤት የገባውም ወዶ አይደለም። ዕጣ በሚወጣበት ዕለት ከሰፈሩ የመጣው ሰው ጥቂት ስለነበር ጎረቤቱ ኤውቲኮስ፣ "ስምህን ስጥ እንጂ፣ ለቁጥር ያህል ነው" አለው። ሰጠ። የተመራጩ ነጭ ባቄላ ለቲኒያስ፣ ጥቁሩ ለኤውቲኮስ ወጣ። ኤውቲኮስ እንኳን ደስ አለህ ብሎት ወደ ወይን ጠጁ ሄደ። ሚስቱ ሊሲላ ወሬውን ስትሰማ ትክ ብላ አየችውና፣ "ታዲያ የቅርጫቱን አኻያ ማን ይዘፈዝፈዋል?" አለች።

ለወራት ከአምስት መቶዎቹ የምክር ቤት ሰዎች እንደ አንዱ ዳር ተቀምጦ አሳለፈ። ከዚያ የዕለቱን ሰብሳቢ የሚለየው ዕጣ እሱ ላይ ወደቀና የከተማውን ማኅተምና የግምጃ ቤቱን ቁልፎች አስረከቡት። እንደ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ቀን ሕዝቡ ኮረብታው ላይ ለሸንጎ ተጠርቶ ነበር።

ጉዳዩ አንዲት ትንሽ ደሴት ናት። ለጠላት ለስፓርታ መርከቦች ወደቧን ከፈተች ተባለ። ሜላንቶስ የሚባል ተናጋሪ ተነሥቶ ሠላሳ መርከብ ይላክ፣ የደሴቲቱ ወንዶች አንድም ሳይቀሩ ይገደሉ አለ። ስለ ክብርና ስለ አያቶች አሳምሮ ተናገረ፤ ልብ የሚነካበት ቦታ ላይ ሲደርስ ካባውን ወደ ትከሻው መለሰ። ቲኒያስም በጎረምሳነቱ ዘምቷል፤ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ቦዮትያ በሚባል አገር ጦር ሜዳ ላይ ትቶ ነው የመጣው። ቀጥሎ የዘመቻው ተቃዋሚ የሆነ አንድ ሽማግሌ ተናገረ፤ ግማሹን ጊዜ ግን ሳል ወሰደበት።

አዋጅ ነጋሪው፣ ይዝመት የሚል እጁን ያውጣ አለ። እጆች ወጡ። ከፊት ተርታ ከወጡት አንዱ የልጁ የፌዲሞስ ነበር። ፌዲሞስ ሃያ ዓመቱ ነው፤ የሞተ አጎቱን ጋሻ ወርሶ በየማለዳው ዘይት ይቀባዋል። ቀጥሎ የተቃዋሚዎቹ እጅ ወጣ። ቲኒያስ አየ። ይዝመት የሚሉት ይበልጣሉ፤ ልዩነቱ ሁለት መቶ ቢሆን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአኻያ እስር በዓይኑ ሲቆጥር የኖረ ሰው እንዲህ ያለው አያመልጠውም።

"እኩል ነው" አለ።

አዋጅ ነጋሪው ወደሱ ጎንበስ ብሎ፣ "ምን አልከኝ?" አለው።

"እኩል ነው። በእጅ አይለይም። መዝመት የሚፈልግ ተነሥቶ በቀኝ ይቁም፣ የማይፈልግ በግራ።"

አዋጅ ነጋሪው እጆቹን አንድ ጊዜ ቃኘ። የሱ ሥራ ግን ድምፁ እንጂ ዓይኑ አይደለም፤ የተባለውን ጮኾ ተናገረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። በቀኝ በኩል ያለው ዳገትና ድንጋይ ነው፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። በግራ ጥላ አለ። ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጠው ሰው አይቡንና ሽንኩርቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ይዝመት ብለው እጃቸውን ያወጡ ብዙዎች ወደ ዳገቱ አዩ፤ ወደ አይቡም አዩ፤ ከዚያ መብላታቸውን ቀጠሉ። የቆሙት ሲቆጠሩ የተቃዋሚዎቹ ወገን በዘጠና በለጠ። ፌዲሞስ ፀሐዩ ላይ ቆሞ አባቱን ያይ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቲኒያስ ማኅተሙንና ቁልፎቹን ለአዲሱ የዕለቱ ሰብሳቢ፣ ለአንድ ነሐስ ሠሪ አስረክቦ ቤቱ ገባ። ሸንጎውን የመራው እውነቱን ሊናገር በአማልክት ፊት ምሎ ነውና በዚያው ሳምንት አንድ የአሳማ ግልገል ገዝቶ ለዜውስ ሠዋ። ሊሲላ ምክንያቱን ብትጠይቀው፣ "እንዲሁ ነው" አላት። ሥጋውን ቤተሰቡ በላ፤ እሱ ግን ብዙም አልቀመሰም።

ሜላንቶስ ነገሩን በሚቀጥለው ሸንጎ ሊያነሣው አስቦ ነበር። ሆኖም የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ወሬው ደርሷቸው ቀድመው መጡ፤ ይቅርታ ጠየቁ፣ አሥር ልጆቻቸውንም በመያዣነት ሰጡ። ሸንጎው ተቀበለ። ሜላንቶስ ሐሳቤ ከመጀመሪያውም ይኸው ነበር ብሎ ተናገረና ተጨበጨበለት።

ዓመቱ አልቆ የምክር ቤት ሰዎች በየተራ ሲመረመሩ አንድ ሰው በቲኒያስ ላይ ተነሣበት፤ ነጻ ሕዝብ እንደ ፍየል ዳገት አስወጥቷል አለ። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ተጠየቀ።

"የወጣውን እጅ አጥርቼ ማየት አልቻልኩም" አለ።

ዓይኑ ደክሟል ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው የሠራውን ቅርጫት ማን ይገዛል? ኤውቲኮስ እንኳ ከሌላ ሰው ገዛ።

ገበያው በቀዘቀዘበት በዚያ ሰሞን ባዶ እግሩን እየዞረ ሰውን በጥያቄ የሚያደክም አንድ ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆመ። አንዷን ቅርጫት አንሥቶ እያገላበጠ፣ "አባባ፣ ሰው መሐላውን አፍርሶ ደግ ነገር ቢያደርግ ጻድቅ ነው ወይስ በደለኛ?" አለው።

ቲኒያስ ከሥራው ቀና ሳይል፣ "ቅርጫቷን ትገዛታለህ?" አለ።

"እኔ እንኳ የምጠይቀው..."

"ካልገዛሃት አስቀምጣት።"

ወጣቱ አስቀምጧት ወደ ጫማ ሰፊው ሄደ። ቲኒያስ ግን የያዛትን ቅርጫት እስከ ቀትር ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሠራት።

ፌዲሞስ አባቱን ለአርባ ቀን ያህል አላናገረውም። ከአራት ዓመት በኋላ ለሌላ ጦርነት ዘመተ፤ ያኔ ቲኒያስ ከኋላ ተርታ ተቀምጦ ተቃውሞ ነበር፣ ሰሚ ግን አላገኘም። ልጁ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት፣ ጋሻውንም ጥሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ አኻያ መላጥ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሠሩ ሳሉ ፌዲሞስ፣ "አባቴ፣ ያን ቀን እውነት እኩል ነበር?" አለ።

"አልነበረም።"

"በስንት ይበልጡ ነበር?"

"ሁለት መቶ ያህል።"

ፌዲሞስ የማይታጠፈውን እግሩን በእጁ አንሥቶ አመቻቸው።

"ለእናቴ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"አትንገራት፤ ኤውቲኮስ ጆሮ ይደርሳል፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል" አለና ወደተዘፈዘፈው አኻያ እጁን ሰደደ።