ለሙዘይን የመረጥኩለት ጎማ

ይህን ነገር እስከዚህ ዓመት ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ለንስሐ አባቴ ጾም ሽሬያለሁ፣ ሰው ሰድቤያለሁ፣ ሰክሬ ገብቻለሁ እያልኩ ብዙ ተናዝዣለሁ፤ እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን አልፈዋለሁ። እሳቸውም የጨረስኩ መስሏቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል። ያልተናገርኩትን ማን ይፈታልኛል? አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። ልቤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይደነግጣል። ይዤው እንዳልሞት ፈራሁ። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ።

ስሜ ተሰማ ነው። ልደታ አካባቢ ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ ምን እደብቃለሁ፣ ልመካ ብዬ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አማርኛውን የሱቅ ማስታወቂያ እያየሁ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከመለዋወጫ ካርቶንና ከጎማ ጎን ላይ ነው የተማርኩት። ሞተር ገና ከሩቅ ሲመጣ ድምፁን ሰምቼ ሕመሙን እናገራለሁ። መሐንዲስ የተባሉ ሰዎች ሞተራቸውን እየገፉ እኔ ጋ መጥተው እየነዱ ተመልሰዋል። ከሜክሲኮ እስከ ጠመንጃ ያዥ ጎማ የሚገዛ ሰው እኔን ሳይዝ አይሄድም ነበር።

እኛ ዘንድ ዕቃ ሲገዛ አዋቂ ይዞ መሄድ ልማድ ነው። የተያዘው ሰው ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚከፈለው ክብር ነው። ሻጩ ፊት ቆሞ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ያጣጥላል፣ በመጨረሻ አንዱን ይመርጣል። ከመረጠ በኋላ ገዢው አይከራከረውም። መከራከር አዋቂውን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። እኔ በዚህ ልማድ ብዙ ዓመት ተከብሬ ኖርኩ። ሰው የጎዳሁትም በዚሁ ልማድ ነው።

ሙዘይን ከቤቴ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጎረቤቴ ነበር። ወላጆቹ የወሎ ሰዎች ናቸው። ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር ጠመንጃ ያዥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሞባይል በየሰው እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ትልቅ ሞተር ገዛ። ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ወንበሩ እንደ ሶፋ የሰፋ፣ ግራና ቀኙ የዕቃ ሣጥን ያለው ሞተር ነው። ለዒድ ዘይነባን ከኋላ አስቀምጦ ኮምቦልቻ እናቱ ጋ ሊሄድ አሰበ። ጎማዎቹ ግን መላጣ ሆነው ነበር። «ጋሼ ተሰማ፣ ያለ እርስዎ አልገዛም» አለኝ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሦስታችን መርካቶ ጎማ ተራ ሄድን። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የሚሆን ጎማ ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሻጩ ሁለት ዓይነት ብቻ አወጣ። አንደኛው በናይሮቢ በኩል የገባ፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀው፣ አቧራ የቃመ ጎማ ነው። ሁለተኛው ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ከወረቀቱ ሲወጣ እንደተወለወለ ጫማ አብረቀረቀብን። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ጎማ ስመርጥ ሰው ይሰበሰባል።

ጃፓኑን አንስቼ ጎኑ ላይ ያለውን እየጠቆምኩ አነበብኩት። ይህ ስፋቱ ነው፣ ይህ የቸርኬው ልክ ነው፣ ይህ የሚችለው ክብደት ነው፣ ለሁለት ሰውና ለሻንጣ ይበቃል፤ ይህ ቀስት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል፣ ገልብጦ የገጠመ ሰው ዝናብ ላይ ይንሸራተታል። ሁሉም ትክክል ነበር። አንድም አልተሳሳትኩም። ያኔ ሙዘይን ትንሽ ክብ ውስጥ የተጻፉ ሦስት ቁጥሮች አየና ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ።

አላውቃቸውም ነበር። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ናት። ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ ያቺን አንድ ቃል ማውጣት አቃተኝ። የፋብሪካው ቁጥር ነው አልኩት።

ዘይነባ አጎንብሳ ነበር። የጎማውን ጥርስ በጥፍሯ ፈልቀቅ አድርጋ፣ ሥሩ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሳየችን። እኔም አየኋቸው። ምን እንደሆኑ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን መርጫለሁ፣ ተናግሬያለሁ፣ ሰው ሰምቷል። «እሱ መተንፈሻው ነው» አልኩ። እንዲህ የሚባል ነገር የለም። እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ቃል ነው።

«ጨርቅም መጋዘን ሲከርም እጥፋቱ ላይ እንዲህ ይላል፣ ጋሼ» አለች።

«አንቺ ጨርቅ ስትመርጪ እኔ ገብቼብሽ አውቃለሁ?»

ሰው ሳቀ። ሙዘይንም እየሳቀ «በቃ ተይ፣ ጋሼን አታናድጂብኝ» አላት። ዘይነባ ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሻጩ መሬት መሬት ያይ ነበር። እሱ ሊያውቅ ይችላል፤ የሱን ኃጢአት ግን እኔ አልናዘዝለትም። የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ጎማዎቹን በእጄ ገጠምኳቸው። አሮጌዎቹን ጋራዤ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ተውኳቸው።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ደንበኛዬ ጋራዥ ገባ። ከወሬ ወሬ አሮጌዎቹን ጎማዎች እያየ፣ ዕድሜያቸው ገና ነው፣ መንገድ ነው የጨረሳቸው አለኝ። በምን አወቅህ አልኩት። ክቡ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳየኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ነው፤ ጎማው የተወለደበት ቀን ነው አለኝ። ቀለል አድርጌ፣ ሦስት ብቻ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሦስት ከሆነማ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሳይገቡ የተሠራ ነው። ሳይነዳም ቢሆን ደርቋል። እሱን ለጋሪ ነው የምትሰጠው፣ ለሰው አይደለም።»

አዲስ ብዬ የገጠምኩት ጎማ አሮጌ ብዬ ከፈታሁት ይበልጥ ያረጀ ነበር። ስንጥቁም ዘይነባ እንዳለችው ስንጥቅ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። እስካሁን ያለው አለማወቅ ነው በሉኝ፤ ድፍረት ነው፣ ጉራ ነው በሉኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ምን ይባላል? ቤታቸው ከቤቴ ሦስት ቤት ነው። ተነሥቼ ሄድኩ። ልነግራቸው ነው የሄድኩት፤ ይህን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። በሩን የከፈተችልኝ ዘይነባ ናት። ሻንጣ እየሸከፉ ነበር፤ ሙዘይን ለእናቱ የያዘውን ጨርቅ እየዘረጋ አሳየኝ። አፌን ልከፍት ስል ዘይነባን አየኋት። ለሷ ነው የምናገረው። ያን ሁሉ ሰው ያሳቅሁባትን ሴት ልክ ነበርሽ ልላት ነው። ነገ ደግሞ ጎማ ተራ ተመልሰን፣ እዚያው ሰው ፊት፣ ተሰማ ያልሆነውን አለ ሊባል ነው።

«ጋሼ፣ ሊመርቁን ነው የመጡት አይደል?» አለ ሙዘይን።

መረቅኋቸው። ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ መንገዱን ያቅናላችሁ፣ በሰላም ግቡ፣ በሰላም ተመለሱ አልኳቸው። አሜን አሉኝ። ዘይነባም አሜን አለች። እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝኩም። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለመጸለይ ብሞክር ቃል አጣሁ፤ ምን ብዬ ልለምን? ከሰዓት ደወልኩለት። ሙዘይን አንስቶ፣ «ኮምቦልቻ ገባን፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ ጎማው ሐር ነው፣ እጅዎ ይባረክ» አለኝ። እዚያው ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። በመኪና ተመለሱ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ሄደው ከገቡ ተመልሰው ይገባሉ አልኩ። ሾፌሩ ምን ያውቃል አልኩ። አሜን አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ሲመለሱ ሸዋ ሮቢት ሳይደርሱ፣ የዚያ ቆላ ፀሐይ አስፋልቱን በሚያግልበት ሰዓት፣ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሙዘይን ትከሻው ተላጠ። ዘይነባ ሞተሩ ግራ እግሯ ላይ ወደቀባት።

ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰበሰብ እኔም ሆስፒታል ሄድኩ። ሙዘይን ኮሪደር ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሼ፣ ሲንሸራተት ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ነው እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አዋቂው እኔ ነኝ።

«የኋላውን ፍሬን ረግጠኸው ይሆናል፤ ጎማውን ያፈነዳው እሱ ነው» አልኩት። «ጭነት ሲኖር አይረገጥም ብዬህ ነበር እኮ።»

እንዲህ ብዬው አላውቅም። ሙዘይን ግን ራሱን ነቀነቀ። ያልኩት ሰፈር ውስጥ ተዛመተ፤ ሙዘይን በፍሬን አያያዝ ሚስቱን ሰበራት ተባለ። ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ እኔው ጋራዥ መጣ። ሁለቱንም ጎማዎች ማንም ሳያየኝ ፈትቼ፣ ቆራርጬ፣ በረባሶ ለሚሠራ ሰውዬ ወሰድኩለት። አንዱን ቁራጭ አጠፍ ሲያደርገው ተሰነጠቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ለበረባሶም አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። ለበረባሶ የማይሆነውን ነው እኔ ሁለት ነፍስ የጫንኩበት። ወስጄ ሁሉንም አቃጠልኩት።

የዘይነባ እግር ቢድንም ጉልበቱ ዳግም አልታጠፈም። ሙዘይን ሞተሩን ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ሲይዝ ያየው የለም። ጋራዤ ጋ ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ቶሎ ይሄድ ነበር፤ የሞተር ድምፅ ይሸሻል። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እጣ እኔን ምድር ቤት፣ እነሱን ሦስተኛ ፎቅ አደረሰን፤ ያውም አንድ ሕንፃ ላይ። ለአካል ጉዳተኛ ምድር ቤት ይሰጣል ቢሏት፣ እንደዚያ ተብዬ አልመዘገብም አለች። እንቀያየር ልላት እችል ነበር። ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ፤ ተውኩት። ደረጃው የሚጀምረው ከቤቴ በር ጥግ ነው። በየቀኑ ሙዘይን ደግፎ ሲያወጣት እሰማ ነበር፤ አንድ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል፣ እሱ ቀስ፣ ቀስ ይላታል። ያን ድምፅ ስሰማ እስኪያልፉ ከቤት አልወጣም ነበር። የልደታ ፍርድ ቤት ቅርባችን ነው፤ ካባ የለበሰ ጠበቃ መንገድ ሲሻገር ባየሁ ቁጥር እኔን ፍለጋ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ማንም ግን አልመጣም።

አምና ሙዘይን ታመመ። ልጠይቀው ወጣሁ። ዘይነባ ውኃ ልታመጣ ስትሄድ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ነኝ አይደል ያበላሸኋት?» አለኝ። ለሚሞት ሰው መልስ ነው የተጠየቅሁት። እኔ ምን አልኩት? የአላህ ሥራ ነው አልኩት። የራሴን ሥራ ለአላህ ሰጠሁና ደረጃውን ወረድኩ። ሳምንት አልቆየም።

ከተቀበረ በኋላ ያ ደረጃ ላይ የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ሆነ። ቀስ የሚላት የለም። ያንን መስማት ነው ያልቻልኩት። ዘንድሮ አንድ ጠዋት ወጥቼ አንኳኳሁ፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁጥሩን፣ ሾፌሩን፣ ምርቃቱን፣ ያቃጠልኩትን። ይቀመጡ አላለችኝም፤ እኔም አልተቀመጥኩም። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሙዘይን ሰምቶታል?»

«አልሰማም።»

ግድግዳውን ያዘች። «በየዒዱ ይቅር በይኝ ይለኝ ነበር» አለች። «በየዒዱ ይቅር ብዬሃለሁ እለው ነበር። ባላጠፋው ጥፋት ነዋ ይቅር ያልኩት። ይቅር ባልኩት ቁጥር አንተ ነህ እያልኩት ነበር። አሁን ይሂዱ፣ ጋሼ።»

አሁንም ጋሼ አለችኝ።

ወረድኩ። እንድትምሩኝ አልለምናችሁም፤ ምሕረት መለመን የነበረብኝ እሱ ሳይሞት ነው። ሾፌሩ ዘግይቶ ነገረኝ፣ ልማዱ ነው፣ ዕድሜ ነው አልልም። እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ በኋላም ዋሸሁ። ይልቅ ልደታ ሆነ ጠመንጃ ያዥ ሙዘይንን የምታውቁ ካላችሁ፣ ስለሱ ወሬ ከተነሣ ይህን ንገሩልኝ፦ በደንብ ነበር የሚነዳው። ፍሬኑንም እንደሚገባው ነው የያዘው።