የወንዝ ዳሩ ሰላጣ

ሰሞኑን ወልድያ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ላይ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ከፊቴ ቀረበ። ቲማቲሙና ቃሪያው ያስጎመጃል። እጄን ሰድጄ መለስኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ምነው፣ አልተመቸሽም?» አለችኝ። ፈገግ ብዬ እንጀራዬን ቆረስኩ፤ ልቤ ግን ያደግኩበት መርሳ ሄዷል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። አባቴ ከመርሳ ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር ሰላጣ እያለማ ገበያ ያወጣ ነበር። ወንዙ የከተማውን እጣቢ ይዞ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ሲያንስ ይሸታል። ሰላጣው ግን ሲያምር! እኛም ቀጥፈን፣ በዚያው ውሃ ለቅለቅ አድርገን እንበላዋለን።

አንድ በጋ፣ ኒካዋ የሚታሰርበት ቀን ሲቃረብ፣ ታላቅ እህቴ ሩቅያ ታመመች። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ከዚያ መቆም አቃታት። የሰፈሩ ሰው ሆዱን ባመመው ቁጥር ካፕሱል ገዝቶ ይውጣል፤ ሻል ሲለው ይተዋል። እሷም እንዲሁ ስታደርግ ኖራለች። ያንኑ ካፕሱል ሰጠናት። ትኩሳቱ በረድ ይልና ተመልሶ ይነሳል። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ግንባሯን ዳስሼ እወጣለሁ፣ አስፋልቱ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እዳስሳለሁ።

በመጨረሻ አባቴ አቅፎ ሚኒባስ ላይ አወጣትና ወደ ወልድያ ይዘናት ሄድን። ሲሪንቃን እስክናልፍ መንገዱ አላልቅ አለኝ። ሆስፒታል ደሟን ሰጥታ የምርመራውን ውጤት ስንጠብቅ ግቢውን ስዞረው ሰነበትኩ።

«ጀርሙ ካፕሱሉን ለምዶታል፤ ከእንግዲህ አይበግረውም» አለ ሐኪሙ። «ሌላ መድኃኒት በመርፌ እንሞክራለን። ለመሆኑ አባት፣ ጥሬ የበላችው ነገር አለ?»

«ሰላጣ» አለ አባቴ።

«በምን ውሃ የለማ?»

«በወንዙ» አለ አባቴ አቀርቅሮ።

አልሐምዱሊላህ፣ መርፌው ሠራላት። መርሳ በተመለስን ዕለት አባቴ ቤት ሳይገባ ወደ ወንዙ ወረደ። ስደርስ ሰላጣውን ከነሥሩ እየነቀለ ይከምራል። ጎረቤታችን አያ ይማም እየሮጡ መጡ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ለገበያ የደረሰውን!»

«ለልጄ ያልሆነ ለማን ይሆናል፣ አያ ይማም?»

በቦታው በቆሎ ዘራ። ግን ዕረፍት አላገኘም። በገበያ ቀን ደንበኞቹን እየፈለገ፣ «ልጆቹ እንዴት ናቸው? ሁሉም ደህና?» ይላል። ሰዉ «እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ነው!» እያለ ያመሰግነዋል። እኔ ዓይኑን አያለሁ፤ «ደህና ናቸው» እስኪሉት ድረስ አይተነፍስም።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ሩቅያ ሐራ ተድራ የልጅ ልጅ አይታለች። እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር አይለቀኝም፦ እኛ ሩቅያን አቅፈን ወልድያ ደረስን። ያንን ሰላጣ በዘንቢል ይዘው ወደየገጠሩ የገቡትስ? አላህ ያውቃል። ዛሬም መርሳ ገበያ ስገባ፣ የማውቀውን ሰው ስለ ልጆቹ ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ማለፍ አልችልም።